ለእሳት አደጋ ስትደውሉ ከስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ምን ይሠራል? እናንተስ ምን ትላላችሁ?

«ቤቱ እየነደደ ነው እያልኩት እሱ ጥያቄ ይደረድራል!» ይህችን ቅሬታ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ። ተናዶ ስልኩን የሚዘጋም አለ። እኔ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባለ አንድ የ911፣ ማለትም የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ ስልክ፣ ጥሪ ማዕከል ውስጥ ስለሆነ፣ ከስልኩ ወዲያ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን ይህን ያዙልኝ፤ ጥያቄው የእሳት አደጋ መኪናውን አያዘገየውም። እናንተ ጥያቄ እየመለሳችሁ ሳለ መኪናው ከጣቢያው ወጥቷል።

እንዴት? ስልኩን ያነሳው ሰው ጥሪ ተቀባይ ይባላል። የምትሉትን እየሰማ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል። የጻፈው በዚያው ሰከንድ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዲስፓቸር (መኪኖቹን የሚያሰማራው ሠራተኛ) ስክሪን ላይ ይታያል። አድራሻውና የአደጋው ዓይነት እንደታወቀ ዲስፓቸሩ ቅርብ ያሉትን ጣቢያዎች በሬዲዮ ይጠራል። ጥሪ ተቀባዩ ደግሞ ከእናንተ ጋር ይቀጥላል፤ አዲስ ነገር በነገራችሁት ቁጥር መረጃው መንገድ ላይ ላሉት ሠራተኞች ይደርሳል። በትንንሽ ከተሞች ሁለቱንም ሥራ አንድ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ውጡ፣ ከዚያ ደውሉ

ቤት ውስጥ እሳት ካለና መውጣት ከቻላችሁ፣ ከውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ውጡና ከውጭ ደውሉ። ስትወጡ በሩን ከኋላችሁ ዝጉት፤ መቆለፍ አያስፈልግም፣ መዝጋት ብቻ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ነው፣ ግን ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ምርምር ተቋም ባደረገው ሙከራ በሩ ክፍት የነበረው ክፍል ከ1,000 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሲግል፣ በሩ የተዘጋው ክፍል 100 ዲግሪ አካባቢ ነበር። የተዘጋ በር ለቀረው ቤተሰብም፣ ለጎረቤትም ጊዜ ይገዛል።

ፓስፖርት፣ ላፕቶፕ፣ የግሪን ካርድ ፋይል ብላችሁ አትመለሱ። ወረቀት በሌላ ወረቀት ይተካል።

ስልኩ ወዲያው ካልተነሳ አትዝጉት። በአሜሪካ ያለው የሙያ መስፈርት ከጥሪዎቹ 90 በመቶው በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲነሱ ይጠይቃል፤ ግን አንድ ትልቅ ሕንፃ ሲቃጠል ሠፈሩ በሙሉ ስለሚደውል ወረፋ ይፈጠራል። ዘግታችሁ እንደገና ስትደውሉ ወረፋው መጨረሻ ላይ ትገባላችሁ።

ደረጃ 2፦ አድራሻ፣ አድራሻ፣ አድራሻ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ዋት ኢዝ ዚ አድሬስ ኦቭ ዚ ኢመርጀንሲ?» ነው። «ምን ሆናችሁ?» ሳይሆን «የት ናችሁ?» የሚቀድመው ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ ሰው የሚላክበት ቦታ እንዲኖር ነው። አድራሻው ብቻ ከተያዘ የሆነውን ባናውቅም የሚያጣራ ሰው እንልካለን። የሆነውን ሁሉ ነግራችሁን አድራሻው ከጠፋ ግን እጃችን ታሰረ ማለት ነው።

«ስልኬ የት እንዳለሁ አያሳያቸውም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ያሳያል፣ ግን ተማምናችሁ ዝም የምትሉበት አይደለም። የሞባይል ስልክ የሚልከው ቦታ አንዳንዴ ከትክክለኛው በብዙ ሜትሮች ይርቃል፤ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆናችሁ፣ የትኛው አፓርትመንት እንደሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይነግረንም። ሌላም አለ። ጥሪያችሁ የሚደርስበት ማዕከል አንዳንዴ የሚወሰነው ስልካችሁ በያዘው የኔትወርክ ማማ ነው። ከዲሲ ማዶ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር አርሊንግተን ቆማችሁ ስትደውሉ ዲሲ ያለ ማዕከል ሊያነሳው ይችላል። ያኔ ወደ ትክክለኛው ማዕከል ያስተላልፏችኋል፤ እንደተቋረጠ መስሏችሁ አትዝጉ፣ መስመሩ ላይ ቆዩ። ከተማውንም ጭምር ንገሩ።

ዲሲ ለምትኖሩ ደግሞ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከተማዋ በአራት የተከፈለች ናት፤ ኖርዝዌስት፣ ኖርዝኢስት፣ ሳውዝዌስት፣ ሳውዝኢስት። የአበሻ ምግብ ቤቶች የሚበዙበት ዩ ስትሪት አጠገብ ያለው 9ኛ ጎዳና ኖርዝዌስት ነው፤ በሌሎቹም ሦስቱ ክፍሎች ግን 9ኛ ጎዳና አለ። የቤት ቁጥሩም ሊመሳሰል ይችላል። መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት ካልተናገራችሁ መኪናው ከተማውን አቋርጦ ሌላ ቦታ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው።

አፓርትመንት ከሆነ የሕንፃው ቁጥር፣ የቤቱ ቁጥር፣ ፎቁ፣ የበሩ ኮድ ካለ ኮዱ። አድራሻውን ካላወቃችሁት አትደንግጡ። ሁለት መንገዶች የሚገናኙበትን መስቀለኛ ስም አንብቡ። የሱቅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ስም ጥሩ። የስልካችሁን ካርታ ክፈቱና ሰማያዊዋ ነጥብ ያለችበትን አንብቡ። እንግድነት የሄዳችሁበት ቤት ከሆነ በር ላይ የተለጠፈ ቁጥር ወይም ጠረጴዛ ላይ ያለ የፖስታ ደብዳቤ ፈልጉ።

ሆቴል ለምትሠሩና ሆቴል ውስጥ ላረፋችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ ጊዜ ከሆቴል ክፍል ስልክ ወደ ውጭ ለመደወል መጀመሪያ 9 መጫን ያስፈልግ ነበር። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷ ሆቴል ክፍል ውስጥ ስትጠቃ 911 ደጋግማ ደውላ በዚህ ምክንያት መስመሩ አልወጣላትም፤ እናቷም ሞተች። በእናትየዋ ስም የተጠራው የካሪ ሕግ ከወጣ በኋላ አዳዲስ የሆቴልና የቢሮ ስልኮች 911ን ያለ ምንም ተጨማሪ ቁጥር በቀጥታ እንዲያስደውሉ ግዴታ ሆኗል። የምትሠሩበት ቦታ ያለው ስልክ አሮጌ ከሆነ ግን አለቃችሁን ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ቋንቋ

እንግሊዝኛው ካልመጣላችሁ ዝም አትበሉ፣ ለልጅ ስልኩን አትስጡ፣ ዘመድ ጋ ደውላችሁ «ደውልልኝ» አትበሉ። አድራሻውን በምትችሉት እንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ቁጥሩንና የመንገዱን ስም ብቻ። ከዚያ «ፋየር» በሉ። ከዚያ «አምሃሪክ» በሉ። ሦስት ቃል ይበቃል። ጥሪ ተቀባዩ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባል፣ ሦስታችሁም በአንድ መስመር ትነጋገራላችሁ። ሌላ ቦታ ያለ ዘመድ ከደወለልን ግን የእሱ ስልክ የሚያሳየን የእሱን ቦታ ነው፤ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ ብንጠይቀውም አያይም።

አስተርጓሚ መጠየቅ ማንንም ማስቸገር አይደለም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አስተርጓሚው እስኪገባ ጥቂት ጸጥታ ይኖራል፤ ያ ጸጥታ መስመሩ ተቋረጠ ማለት አይደለም። አስተርጓሚው ሲገባም አጭር አጭር አድርጋችሁ ተናገሩ።

መናገር የማያስችል ነገር ካለ በብዙ ቦታ ለ911 የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል። መጀመሪያ አድራሻ፣ ከዚያ አደጋው። መደወል የምትችሉ ከሆነ ግን ደውሉ፤ በድምፅ ይፈጥናል።

ደረጃ 4፦ ጥያቄዎቹና ከኋላቸው ያለው ምክንያት

አንድ የተለመደ ጥሪ በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ይመስላል።

— አድራሻው የት ነው?
— እሳት! እሳት ተነሥቷል፣ ቶሎ በሉ!
— እሺ፣ ሰው እልካለሁ። የት ልላክ?
— (አድራሻው)
— እስቲ ድገሚልኝ።
— (አድራሻው እንደገና)
— የምትደውይበት ቁጥር ስንት ነው? እሺ። ምን እየተቃጠለ ነው?
— ወጥ ቤቱ፣ ዘይት ነው፣ አሁን ወደ ላይ ወጣ።
— ነበልባል ይታይሻል ወይስ ጭስ ብቻ?
— ነበልባል።
— ሕንፃው ስንት ፎቅ ነው? እሳቱ ስንተኛው ላይ ነው?
— ሦስት፣ እሳቱ ሁለተኛው ላይ ነው።
— ሁሉም ሰው ወጥቷል?
— አማቴ ውስጥ ናቸው።
— የትኛው ክፍል ናቸው?

አድራሻውን ሁለት ጊዜ ያስባለው ሳይሰማት ቀርቶ አይደለም፤ ማረጋገጥ ግዴታው ነው። «ፊፍቲን» (15) እና «ፊፍቲ» (50) በድንጋጤ ውስጥ ይደባለቃሉ። ቁጥሩን የጠየቃት ቢቋረጥ መልሶ ለመደወል ነው። አገልግሎቱ በተዘጋ አሮጌ ስልክም 911 መደወል ይቻላል፤ ችግሩ እኛ መልሰን ልንደውልበት አንችልም። እንዲህ ባለ ስልክ ከደወላችሁ አድራሻውን ከመቼውም በላይ አስቀድሙ።

«ነበልባል ወይስ ጭስ» የሚለው ጥያቄ የሚላከውን ኃይል መጠን ይወስናል። በዚህ አካባቢ ለሚቃጠል ቤት ብዙ ጊዜ የሚወጣው አምስት ያህል የውሃ መኪና፣ ሁለት መሰላል ያለው መኪና፣ የነፍስ አድን ቡድንና አዛዦች ናቸው። የቆሻሻ ገንዳ ከሆነ ግን አንድ መኪና ይበቃል። በሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች ባላቸው ስምምነት ቅርብ ያለው መኪና የየትኛውም ካውንቲ ይሁን እሱ ይወጣል፤ ስለዚህ የሌላ ከተማ ስም የተጻፈበት መኪና በራችሁ ላይ ብታዩ አትገረሙ።

ከሁሉም ጥያቄ የከበደው ግን «ውስጥ ሰው አለ ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ «አዎ» ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሠራተኞቹ ገና መኪና ውስጥ እያሉ ማን የት እንደሚገባ ይከፋፈላሉ። ስለዚህ «አማቴ ውስጥ ናቸው» ብላችሁ አታቁሙ። ስንተኛ ፎቅ፣ የትኛው ክፍል፣ ክፍሉ በፊት ለፊት ነው በጓሮ፣ መራመድ ይችላሉ ወይ፣ መስማት ይችላሉ ወይ፣ ኦክስጅን ይጠቀማሉ ወይ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሕንፃን በአራት ጎን ይጠሩታል፤ የፊት ለፊቱ አልፋ ነው፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ በግራ ያለው ብራቮ፣ ጓሮው ቻርሊ፣ በቀኝ ያለው ዴልታ። እናንተ ይህን ስም መያዝ የለባችሁም። «ዋናው በር ፊት ለፊት ስቆም በግራ በኩል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ነጭ መጋረጃ ያለው መስኮት» ካላችሁን እኛ ወደ እነሱ ቋንቋ እንለውጠዋለን፤ መሰላሉም ወደዚያ መስኮት ይሄዳል።

እርግጠኛ ካልሆናችሁ ደግሞ «አላውቅም» በሉ። ሁሉም ወጥቷል ብላችሁ ገምታችሁ አትመልሱ። ውጭ ሰብሰብ ብላችሁ ቁጠሩና የጎደለውን ተናገሩ።

ደረጃ 5፦ የሚነገራችሁን አድርጉ

ጥሪ ተቀባዩ መረጃ ከወሰደ በኋላ መመሪያ መስጠት ይጀምራል። ዋና ዋናዎቹን አስቀድማችሁ ብታውቁ በሰዓቱ አትደናገሩም።

መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ከተያያዘ ውሃ እንዳታፈሱበት። ውሃው ነበልባሉን ወደ ጣሪያ ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፉ፣ በክዳን ድፈኑት፣ ወደ ውጭ ይዛችሁ ለመሮጥ አትሞክሩ። ክዳኑ ካልሠራ ውጡ። ልብሱ የተያያዘ ሰው አይሩጥ፤ ይቁም፣ ይተኛ፣ ፊቱን ሸፍኖ ይንከባለል። ቃጠሎ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ አይቀባም፤ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ።

መውጣት ካልቻላችሁ፦ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ከጋለ አትክፈቱ። በሩን ዝጉ፣ ከሥር ያለውን ክፍተት በፎጣ ወይም በነጠላ ወትፉት፣ ቢርስ ይሻላል። ወደ መሬት ዝቅ በሉ፣ ጭሱ ከላይ ነው። ወደ መስኮት ሂዱና በስልክ መብራት ወይም በነጭ ጨርቅ ምልክት ስጡ። መስኮቱን ክፈቱት እንጂ አትስበሩት፤ ከታች ጭስ መግባት ከጀመረ መልሳችሁ ለመዝጋት ያስፈልጋችኋል። ሊፍት በፍጹም።

ከፍ ያለ ሕንፃ ላይ «ባላችሁበት ቆዩ» ሊባል ይችላል፣ ምክንያቱም ብዙ ሕንፃዎች እሳቱን በአንድ ቤት ውስጥ ለመያዝ ተደርገው ነው የተሠሩት። ግን የለንደኑን ግሬንፌል ታወር አስታውሱ። ሰኔ 14 ቀን 2017 እንደ ፈረንጆቹ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በ54ኛው ደቂቃ ላይ የመጀመሪያውን ጥሪ የደወለው አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ፍሪጁ አካባቢ ጭስ አይቶ ወዲያው የእንግሊዝ የአደጋ ስልክ ወደሆነው 999 ደወለ፣ ጎረቤቶቹን አንኳኳ። ከዚያ በኋላ ስንት ወቀሳ ደረሰበት! የመንግሥት አጣሪው ግን ምንም ጥፋት እንደሌለበት በግልጽ ጽፏል። ትክክለኛውን ነገር ነው ያደረገው። እሳቱ ግን በሕንፃው የውጭ ሽፋን ተቀጣጥሎ ወጣ፤ የጥሪ ማዕከሉ ለነዋሪዎቹ «ባላችሁበት ቆዩ» ማለቱን የቀጠለው ለሁለት ሰዓት ገደማ ነው። 72 ሰው አለቀ። በዚያ ምርመራ ከወጡት ትምህርቶች አንዱ ለጥሪ ተቀባዮች ነው፤ ከደዋዩ የሚመጣው መረጃ ቦታው ላይ ላለው አዛዥ መድረስ፣ የአዛዡ ውሳኔም ወደ ደዋዩ መመለስ አለበት። ለእናንተ ደግሞ ይህ ነው፦ ቆዩ ከተባላችሁ በኋላ ጭስ ወደ ክፍላችሁ ከገባ፣ ሙቀቱ ከጨመረ፣ መስኮት ላይ ነበልባል ካያችሁ ያንን ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩን። መስመሩ ከተዘጋ እንደገና ደውሉ። መመሪያው ይለወጣል።

የጋዝ ሽታና የከሰል ነገር

ይህን ለብቻው ያወጣሁት ማኅበረሰባችንን በቅርብ ስለሚነካ ነው።

የጋዝ ሽታ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው፣ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም፤ ብልጭታ ይበቃዋል። ሁሉንም ይዛችሁ ውጡና ከራቃችሁ በኋላ ደውሉ። ነሐሴ 10 ቀን 2016 እንደ ፈረንጆቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍላወር ብራንች የሚባል አፓርትመንት በጋዝ ፍንዳታ ሰባት ሰው ሞቶበታል። ሽታው ትንሽ ነው፣ ትናንትም ነበር፣ ጎረቤት ደውሎ ይሆናል ብላችሁ አትተዉት። በሸተታችሁ ቁጥር ደውሉ። እኛ አይሰለቸንም።

ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ደግሞ ሽታ የለውም። ቡና ለማፍላት ከሰል ቤት ውስጥ አያይዞ፣ ብርድ ነው ብሎ መስኮት ዘግቶ መቀመጥ ሰው ይገድላል። ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ሲሆን አደጋው ያለፈ ይመስላል፤ አላለፈም። የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ሲጮህ ጥሪ ተቀባዩ «ራሱን የሚያመው ሰው አለ? የሚያቅለሸልሸው፣ የሚያዞረው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ሰው እንኳ «አዎ» ካለ ከእሳት አደጋው ጋር አምቡላንስም ይወጣል። «ቡና ስላልጠጣሁ ነው ራሴን ያመመኝ» ብላችሁ አትለፉት። በተለይ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው መልሱ ግልጽ ነው፤ ሁላችሁም ውጡ። ከሰል ነበረ ወይ ብለን ስንጠይቅም አትፈሩ፣ ለቅጣት አይደለም፣ ሐኪሙ ማወቅ ስላለበት ነው።

በዕጣን ምክንያት የጭስ ማስጠንቀቂያው ከጮኸ ባትሪውን አታውጡት። አየር አስገቡ። ሕንፃው በሙሉ ከጮኸና መኪናው ከመጣ የሆነውን በሐቅ ንገሯቸው፤ አይተው ይሄዳሉ።

የነፍስ አድን ጥሪ፦ መኪና፣ ውሃ፣ ጉድጓድ

የመኪና ግጭት ላይ የምንጠይቀው ከቤት ቃጠሎ ይለያል። አውራ ጎዳና ላይ አድራሻ የለም፤ ስለዚህ የመንገዱ ስም፣ ወዴት አቅጣጫ እየሄዳችሁ እንደነበር፣ ያለፋችሁት የመጨረሻ መውጫ ቁጥር። ታክሲና ኡበር የምትነዱ ዲሲን የሚዞረውን አውራ ጎዳና 495ን ታውቁታላችሁ፤ ኢነር ሉፕ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ የሚሄደው ነው፣ አውተር ሉፕ ተቃራኒው። ይህችን አንዲት ቃል ካሳሳታችሁ መኪናው ከግንቡ ማዶ ሆኖ ያያችኋል፣ ለመዞር እስከሚቀጥለው መውጫ መንዳት አለበት።

ቀጥሎ «የታሰረ ሰው አለ ወይ?» እንላለን። በሩ ስለተጨመቀ መውጣት ያቃተው ሰውና እግሩ በብረት የተያዘ ሰው ለኛ ሁለት የተለያየ ነገር ናቸው። ለሁለተኛው ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ ያለው ቡድን ወዲያው ይወጣል። የተጎዳውን ሰው ጎትታችሁ አታውጡት፣ መኪናው እየተቃጠለ ወይም ውሃ እየገባበት ካልሆነ በስተቀር። እናንተም መንገድ ላይ አትቁሙ።

አድራሻ ይቀድማል ያልኩት አንድ ቦታ ላይ ይሻራል፤ ውሃ ውስጥ እየሰመጠ ያለ መኪና። ውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ቀበቶ ፍቱ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን አስቀድማችሁ በመስኮት ውጡ። ኤሌክትሪክ መስኮቱ የሚሠራው በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ውሃው መስኮቱ ላይ ከደረሰ በኋላ በሩም አይከፈትም። እንዲህ ያለ ጥሪ ሲደርሰን እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ውጣ፣ ከዚያ ትነግረኛለህ።

ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ሕይወቱ አደጋ ላይ አይደለም። የሕንፃውን አድራሻና የትኛው ሊፍት እንደሆነ ንገሩ፤ የታመመ ካለ ተናገሩ። በሩን በጉልበት አትክፈቱ።

ጉድጓድ ላይ ግን አጥብቄ ልናገር። በተለይ አገር ቤት፣ የሽንት ቤት ወይም የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ ዝም ሲል፣ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ ጎረቤት ደግሞ ሁለቱን ሊያወጣ ይገባል። ከታች ኦክስጅን የለም ወይም መርዛማ ጋዝ አለ፤ ተከታትለው ያልቃሉ። ጥሪ ተቀባዩ «ማንም እንዳይገባ» የሚለው ጨክኖ አይደለም። አፋፉ ላይ ቆማችሁ ሰው አግዱ፣ ስንት ሰው እንደገባ፣ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ንገሩ።

አዲስ አበባ ላላችሁ

አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የአደጋ ስልክ 939 ነው። ችግሩ የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም ብዙም አለመለመዱ ነው፤ ስለዚህ አድራሻችሁን እናንተ ናችሁ የምትሠሩት። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የሰፈሩ ስም፣ ከዚያ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ምልክት። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ስንት ሜትር ያስገባል? ትልቅ መኪና ያስገባል ወይስ አያስገባም? ይህችን የመጨረሻዋን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱ ስም፣ የብሎክ ቁጥር፣ ፎቅ።

ከደወላችሁ በኋላ አንድ ሰው አስፋልቱ ድረስ ሮጦ ይቁም፣ ማታ ከሆነ የስልክ መብራት አብርቶ። ሌላ ሰው መንገድ ላይ የቆሙ መኪኖችን ያስነሳ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የእሳት አደጋ መኪኖቹን ካስቸገሯቸው ነገሮች መካከል የመንገዱ ጥበትና የተሰበሰበው ሕዝብ ነበሩ። ለመርዳት የመጣ ሰው ሁሉ መንገዱን ይዘጋል። ማዳን የምትፈልጉ መንገድ አስለቅቁ። ቆጣሪውን መድረስ ከቻላችሁ አጥፉት፣ የቡታጋዝ ሲሊንደር የት እንዳለ ለሠራተኞቹ አሳዩ።

ስልኩን መቼ እንዝጋ?

«ይበቃል፣ መዝጋት ትችላላችሁ» ስትባሉ። ከዚያ በፊት አይደለም። በስህተት 911 ከነካችሁም ድንጋጤ አያስፈልግም፤ አትዝጉ፣ «በስህተት ነው፣ ደህና ነን» በሉ። ድንገት ከዘጋችሁት መልሰን እንደውላለን፤ ካላነሳችሁት ፖሊስ በራችሁን ሊያንኳኳ ይችላል።

እሳቱን ራሳችሁ ብታጠፉትም ደውሉ። ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ ፍም እንዳለ የሚያይ ካሜራ አላቸው። ሠራተኞቹ ሲደርሱ ወደ ነጭ ኮፍያው ሰው ሂዱና ለእኛ የነገራችሁንን ድገሙለት፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጭ ኮፍያ የሚያደርገው አዛዡ ነው። ከሁሉ አስቀድማችሁ ማን ውስጥ እንደቀረ።

በሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ጻፉት። አውሮፓ ኅብረት 112 ነው፣ እንግሊዝ 999። እስራኤል እሳት አደጋ 102፣ አምቡላንስ 101። ዱባይና አቡዳቢ እሳት አደጋ 997። ሳውዲ ሲቪል ዲፌንስ 998 ሲሆን ሪያድና መካ 911 ይሠራል። ሊባኖስ ሲቪል ዲፌንስ 125፣ ቀይ መስቀል 140። ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼ፣ የቤቱን አድራሻ በአረብኛ ወይም በዕብራይስጥ ጮክ ብላችሁ መናገር ተለማመዱ፤ የሰፈሩን ስም፣ የሕንፃውን ስም፣ ፎቁን። አሠሪያችሁ እንዲጽፉላችሁ ጠይቁና ስልካችሁ ጀርባ ላይ ለጥፉት። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥም ጠይቁ።